ሶርሳ ለአራት ታማሚዎች የሰጠው ድምፅ

ከወላይታዋ ሻንቶ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ሶርሳን የማያውቅ የለም። የድንበር ጠብ ሲነሳ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ከብት የሰው ማሳ ሲገባ የሚጠራው ሽማግሌ እሱ ነው። ሶርሳ ዝም ካለ ወይ ተኝቷል ወይ ታሟል እያልን እንቀልድበት ነበር። አጥር ለአጥር ጎረቤቱ ነኝ፤ እወደዋለሁ። ዛሬ ግን ሳየው ንዴቴና እንባዬ እኩል ይመጣሉ።

ስም ያተረፈው በዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት ሜዳችን ነው። የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ከስብሰባው ቢቀር ቃሉ አይቀርም። ሶርሳ አስቀድሞ በየቤቱ ይዞርና የእያንዳንዱን ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ራሱ የማይስማማበትን እንኳ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገርላቸዋል።

ጥር ላይ ሕዝበ ውሳኔው መጣ። ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር ሆነን አዲስ ክልል እንመሥርት ወይስ አንመሥርት የሚል ነው። የሚደግፍ እርግብ ላይ፣ የማይደግፍ ጎጆ ላይ ምልክት ያደርጋል። ዱቡሻ ቢሆን አንዱ ብድግ ብሎ "ወላይታ ለብቻው ክልል ቢሆንስ?" ይል ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስተኛ ምልክት የለም። ጥያቄውን የጻፈ ሰው የመልሱንም ግማሽ አብሮ ጽፎታል፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ደንቡ ደግሞ መራጩ ራሱ ቀርቦ፣ በምስጢር ድምፅ ይስጥ ይላል። ውክልና ብሎ ነገር አያውቅም።

የምርጫ ጣቢያችን ኃላፊ የሶርሳ ልጅ ትዕዛዝ ነበረች። መምህርት ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። በድምፅ መስጫው ዕለት ጠዋት አባቷ የራሱንና የአራት ታማሚ ጎረቤቶቹን የመራጭነት ካርድ ይዞ ፊቷ ቆመ።

"አዋ፣ ይሄ አይቻልም። ራሳቸው መምጣት አለባቸው" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው።

"በምን እግራቸው ይምጡ? ዕድሜ ልኬን ስለ እነሱ የምናገረው እኔ አይደለሁ?"

ሰልፈኛው ሁሉ ያያል። አባትን፣ ያውም ሶርሳን የሚያህል ሽማግሌ፣ በሰው ፊት ማሳፈር ከበዳት። አምስት ወረቀት ሰጠችው። አምስቱም ላይ እርግብን መረጠ፤ ወጥቶም አልደበቀም።

አንድ ታዛቢ አይቶ ኖሮ አመለከተ። ደንብ የተጣሰው እኛ ጋ ብቻ አልነበረምና የወላይታው ድምፅ ተሰርዞ እንዲደገም ተወሰነ። ትዕዛዝም ተከሰሰች።

ጠበቃዋ "አባቴ አስገድዶኝ ነው በይ፤ ቅጣቱ ይቀልልሻል" ብሎ መከራት። ሶርሳም ተንበርክኮ ለመናት። ዳኛው ሲጠይቋት ግን "ደንቡን ሠልጥኜበታለሁ። ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች።

ሶርሳ ሳይፈቀድለት ተነሳ። አማርኛው ብዙም አይደለም። "ክቡር ዳኛ፣ ያጠፋው እኔ ነው። እሷ ምንም አላጠፋም፤ አባት ፈርቶ ነው።"

"አባት፣ ይቀመጡ። እዚህ ሳይጠየቁ አይናገሩም" አሉት ዳኛው።

ሁለት ዓመት ተፈረደባት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጆቿ አያታቸው ቤት ገቡ፤ ትንሿ ማታ ማታ ስታለቅስ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል።

ሰኔ ላይ ድምፅ እንደገና ተሰጠ። ከአራቱ ታማሚዎች አንዱ ሞቷል፣ ሁለቱ ከአልጋ አልተነሱም። አራተኛዋ፣ ፈጠነች የምትባለው ዳሌዋ የተሰበረባት አሮጊት ግን "ውሰዱኝ!" ብላ ጮኸች። በቃሬዛ ተሸከምናት፤ አንዱን ጫፍ ሶርሳ ያዘ።

ስንመለስ ጥላ ሥር አሳረፍናት። ሶርሳ ላቡን እየጠረገ "አሁንም እርግብ ነው አይደል?" አላት።

"ጎጆ ነው" አለች። "ያኔም የምፈልገው ጎጆን ነበር። ካርድሽን አምጪ አልከኝ እንጂ መቼ ጠየቅኸኝ?"

ሶርሳ ሳይጠይቃት የቀረው፣ ሰው ሁሉ እንደኔ ያስባል ብሎ ይሁን፣ ምልክት ማድረግን ንቆ ይሁን፣ አላውቅም። የመንግሥትን ደንብ አላውቅም ቢል እሺ። የእኛን የዱቡሻ ደንብ ግን ያስተማረን እሱ ነው! ፊት ለፊት ይህንን ነገርኩት፤ አልተቆጣም።

እሑድ አብሬው ሶዶ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ትዕዛዝ ከስታለች። ያመጣንላትን ምሳ ዕቃ በሚለየን አጥር ላይ ተቀብላ እቅፍ አደረገችው።

"እማማ ፈጠነች በቃሬዛ ሄዳ መረጠች አሉኝ፤ ደስ አለኝ" አለች። "አዋ፣ እዚህ ስተኛ የምጽናናው፣ ቢያንስ አባቴ የእነሱን ቃል አድርሷል እያልኩ ነው።"

ሊዋሽ ይችል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲዋሻት ፈልጌ ነበር።

"ፈጠነች ጎጆን ነበር የምትፈልገው" አላት። "ሳልጠይቃት ነው የመረጥኩላት።"

"ሌሎቹስ?"

"እነሱንም አልጠየቅሁም።"

ትዕዛዝ አላለቀሰችም። ምሳ ዕቃውን ሳትከፍተው በአጥሩ ላይ መለሰችለትና የጥየቃው ሰዓት ሳያልቅ ወደ ውስጥ ገባች።