አባቴና የሚተኛው ካርድ

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ባለው የአባቴ ቤት ስምንት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስከርም ሰፈሩ «ልጁ አብዷል» ብሎ ደምድሞ ነበር። አባቴ ለጠየቃቸው ሁሉ «ትንሽ አሞት ነው» ይላሉ። አንድ አሮጊት ጎረቤታችን በጀሪካን ጠበል ይዘውልኝ መጡ። ጠጣሁት። ኮዱ ግን አልዳነም።

የምጽፈው ድራይቨር ነበር፤ ኮምፒውተሩ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ኔትወርክ ካርድ እንዴት እንደሚያዝዘው የሚነግረው ፕሮግራም። ካርዱ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አሮጌ ዕቃ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ደግሞ የፈለገ ሁሉ ኮዱን ከፍቶ እንዲያርመው ለሕዝብ የተተወ ነው። ሲስተሙን የሚጠብቁት ሰዎች ሥራዬን ከተቀበሉኝ ቀጣሪ ፊት የማሳየው ነገር ይኖረኛል፤ ካልተቀበሉኝ ጠበሉ ይቀጥላል።

ጨርሼ ላክሁት። ባሕር ማዶ ሆኖ ኮድ የሚመረምረው ሰው፣ ሰላምታ ያልፈጠረበት፣ በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ ከአንተ ሌላ ሰው ይሞክረውና በስሙ ይመስክር።

ከእኔ ሌላ ማን አለ? አባቴ አሉ። የድንበር ጠብ የሚሸመግሉ ሰው ናቸው፤ የድንበሩን ድንጋይ በዓይናቸው ሳያዩ አፋቸውን አይከፍቱም። እኔ የፈለግሁት ስማቸውን ብቻ ነበር።

«ሳላይ?» አሉኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። «ይችን ቁልፍ ሲጫኑ፣ በገመድ የተያያዘው ያኛው ኮምፒውተር ይመልሳል» አልኳቸው። የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ተጫኑ፤ መልስ መጣ። ደገሙ፤ መጣ። ስማቸውን ልጽፍ ስል በእጃቸው አስቆሙኝና ቁልፉን መንካት ተዉ። ስክሪኑን እንደ ተከሳሽ እያዩ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተጫኑ። መልስ የለም።

«ሲነኩት ይሠራል፣ ሲተዉት ይተኛል» አሉ። «አንዴ ከተኛ ቢጠሩት አይነሣም። ልክ እንዳንተ።»

«አባዬ፣ በማርያም፣ ይሠራል ይበሉልኝ። ማን ያያል?»

«እኔ አይቻለሁ።»

ደሜ ፈላ። ስምንት ወር የለፋሁበትን በአንድ ቃል ገደል ከተቱት። ችኮ ሽማግሌ ብዬ ሰደብኳቸው፤ በሆዴ ነው፣ ያን ያህልም አላበድኩም። ሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ ራቴንም ለብቻዬ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ኮዱን ስከፍት ጥፋቱን አገኘሁት። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ «ተኛ» ብዬ አዝዤዋለሁ፤ «ተነሣ» የሚለውን ትእዛዝ ግን ረስቼዋለሁ። ለካ እኔ ያንን ቁልፍ በየሰከንዱ ስደበድብ ስለከረምኩ አንድም ቀን ፋታ አግኝቶ አልተኛም። ግማሽ ሰዓት አርፎ መቀመጥ የሚችል ሰው ነበር የጠፋው። አፈርኩ።

አስተካክዬ ጠራኋቸው። እንደገና ባናቸውን ተከናነቡ፤ ተጫኑ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። በዚያ የመንዝ ብርድ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተጫኑ። መልሱ መጣ።

«በል አሁን ጻፍ» አሉና ስማቸውን እስከ ቅድመ አያታቸው አስጻፉኝ። መርማሪው ሥራዬን ከነአባቴ ዘር ማንዘር ተቀበለው።

በዚያው ሰሞን ጠበል ያመጡልኝ ጎረቤታችን አባቴን በራችን ላይ አገኟቸው።

«ልጅዎ ተሻለው ወይ?»

«ድሮም አላመመውም» አሉ አባቴ። «ሥራ ላይ ነው። አይቻለሁ።»