የጌሾው ጓሮና የታቀደው አዳራሽ

ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ገና የስታዲየሙን ግንብ አልተሻገረችም። በጓሯችን የነበሩት እነዚህ ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጣው ቀያሽ ከጌሾው መካከል ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለቱ የቀን ሠራተኞች አንዱ ችካል ይዞ በታችኛው አጥር ጥግ፣ ሌላው መጥረቢያ ይዞ ከቀያሹ ፊት ለፊት ቆመዋል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓሯችንን ከመንገዱ ከምትለየው ቦይ ማዶ ነው። ካድሬው ከሱ በስተቀኝ፣ ክንዱን ዘርግቶ ያስረዳል። የስታዲየሙን ሣር የሚያጭደውና በሩን የሚጠብቀው ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ የሚለው፣ ማጭዱን እንደያዘ ግንቡ በፈረሰበት በኩል ብቅ ብሏል። እናቴ ደጃፏ ላይ ናት። እኔ ወደ ሥራ ልሄድ ቦርሳዬን ይዤ ከእናቴ ኋላ ቆሜያለሁ።

ከኳስ ሜዳው ጎን ትልቅ የሕዝብ መዝናኛ አዳራሽ ሊሠራ ነው የሚለውን ወሬ ቀድመን ሰምተን ነበር። ኪነት ይታይበታል፣ ፊልም ይታይበታል፣ ቦክስ ይገጠምበታል ተባለ። እውነቱን ለመናገር ወሬውን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረን መዝናኛ የእሑድ ኳስና ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ተሰባብሮ አልቋል። አዳራሹ የሚያርፈው በኛ ጓሮ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ግን ቀያሹ አጥራችንን ተሻግሮ ሲገባ ነው።

ጓሯችን ሰፊ አልነበረም። እናቴ ከኮሶዬ በላይ ካለው አገሯ ወደ ከተማ ስትወርድ ያመጣችው ፍሬ ነው ያን ሁሉ ጌሾ የሆነው። ጌሾ ቶሎ አይደርስም፤ ተተክሎ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በአግባቡ ለለቀመው ሰው ደጋግሞ ይሰጣል። ቅጠሉን በሰሌን ላይ አስጥተን በየጊዜው እናገላብጠዋለን፤ ፀሐይ ካበዛበት ይጠቁራል፣ የጠቆረውን ጠማቂ አይገዛም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወስደዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት፣ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የተቀጠርኩት በዚያ ጌሾ ነው። ይህን እናቴ ተናግራው አታውቅም።

ቀያሹ መሣሪያውን እያየ፣ «ይቺ ቁጥቋጦ ጋርዳኛለች» አለ።

ሠራተኛው መጥረቢያውን አነሣ። ያን ጊዜ እናቴ ከደጃፏ ሳትነቃነቅ፣ «በጃንሆይ አምላክ» አለች። አልጮኸችም። ገበያ ውስጥ ሰው እንደምትጠራ ነው ያለችው።

ሁሉም ቆመ። መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። ቀያሹ የጨፈነውን ዓይኑን ገለጠ። ሊቀ መንበሩ ቦይዋን ሊሻገር አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እንደ ሽመላ ቆሞ ቀረ። ካድሬው የጀመረውን ቃል ዋጠው። እኔም ቆሜያለሁ፤ መቆሜን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ይህ ለዛሬ ልጆች ግራ ሊሆን ይችላል። በድሮው ሥርዓት የተበደለ ሰው ይህን ቃል ካለ የሚጣላው ይቆማል፤ የሚሸሽ ሌባ እንኳ ይቆማል። ቃሉን ተላልፎ የሄደ ሰው ዳኛ ፊት አፍ የለውም። እኛ ልጆች ሆነን ስንጨዋወት አንዱ ይህን ካለ የተነሣ እጅ ይወርድ ነበር። እናቴ ንጉሡን መጥራቷ አልነበረም። ከአባቷ የተማረችውን «ቁም» ማለቷ ነው። ነገር ግን ንጉሡ ወርደዋል፤ ስማቸውን በዚህ መንገድ ማንሣት ሰው የሚያስጠፋበት ጊዜ ነበር።

ቀድሞ የነቃው ካድሬው ነው። ትምህርት ቤት ከኔ አንድ ክፍል ይበልጥ ነበር፤ አንደበቱ ያኔም የሰላ ነው።

«ምን አሉ፣ እናት?»

«ጌሾዬን አትቁረጡ አልኩ።»

«ከዚያ በፊት ያሉትን ነው።»

«ከዚያ በፊትማ ሰምታችኋል። ባትሰሙ ምነው ቆማችሁ?»

አያ ከግንቡ ላይ ሳል ብጤ አሰማ። ሳቅ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ሊቀ መንበሩ እግሩን አወረደና፣ «እንዴ፣ እሜቴ፣ መሬቱ እኮ የመንግሥት ሆኗል» አላት። አብዮት ሳይመጣ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የተማሪ ቤት ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነው። እናቴ ትክ ብላ አየችው።

«መሬቱ የመንግሥት ይሁን። ጌሾውን ትቶ መሬቱን ይዞ ይሂድ።»

በዚያው ጠዋት አንድ አብዮት ጠባቂ መጥቶ ወደ ቀበሌ ወሰዳት። ያስቀመጧት ቀድሞ እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ከፊቱ ቀደመች፤ መንገዱን እሷ የምታሳየው ይመስል ነበር።

ሊቀ መንበሩ ወደ ካርድ ክፍሉ የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። በምሳ ሰዓት፣ ወረፋው ሲቀል። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ሲያናግረኝ አስታማሚ ይመስል ነበር።

«እኔ ጨካኝ አይደለሁም፤ እናትሽን እንደ እናቴ ነው የማያት።»

«እንግዲያው ይልቀቋት።»

«እሑድ ሕዝቡ ይሰበሰባል። የአዳራሹ ሞዴል ይቀርባል። ተነሥተሽ የእናትሽን የአድኃሪ ንግግር አውግዢ፣ ዕቅዱን ደግፊ። ሁለት ቃል ነው። በዚያው ቤቷ ትገባለች።»

«ካላደረግሁስ?»

«ካላደረግሽማ ነገሩ ከኔ እጅ ይወጣል» አለና መስኮቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሄደ። ከእሱ እጅ የወጣ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ምግብ ይዤ ስሄድ ጠባቂው አገልግሉን ከፈተ፣ እንጀራውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። እናቴ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሊቀ መንበሩ ያለኝን ነገርኳት። እየበላች ሰማችኝ።

«አንችስ ምን አልሽው?»

«እሺም እንቢም አላልኩት።»

«ሸጋ አደረግሽ።» ጉርሻዋን ዋጠችና፣ «ብታወግዥኝ ሰዉ በሳምንቱ ይረሳዋል። አንድ ቤት የምናድረው ግን እኔና አንች ነን» አለች። ከዚያ፣ «ጌሾው ውኃ ጠጣ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጠጥቷል አልኳት። የላይኛው ረድፍ ተቆርጦ አጥር ላይ መጣሉን አልነገርኳትም።

የሆነውን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው በከንቱ እንዲጨነቅ አልሻም። እናቴ ከመጋዘኑ የወጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ከዚያም ብዙ ዘመን ኖረች። ጌሾው እስከ ሥሩ ተነቀለ። አዳራሹ ግን አልተሠራም። ገንዘቡ ለጦርነት ዋለ ያሉ አሉ፣ ቀያሹ ተመልሶ አልመጣም ያሉም አሉ። ቦታው ሣር በቅሎበት ቀረ። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷን አታዞርም ነበር፤ ቀጥ ብላ እያየችው ታልፋለች።

ያን እሑድ የተጠራነው በቅዳሴ ሰዓት ነው። ሆን ተብሎ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የቀበሌው ሰው በስታዲየሙ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ብዙዎቹ ሴቶች የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ከታች፣ ከሩጫው መስመር ላይ፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሞዴሉ ተቀምጧል። ከካርቶንና ከመስተዋት የተሠራ ነው። ያምራል። በዙሪያው አረንጓዴ የተቀቡ የጥጥ ዛፎች ነበሩት። እናቴን ከጠረጴዛው አጠገብ አቆሟት፤ አብዮት ጠባቂው ከኋላዋ።

ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር ካሰማን በኋላ ካድሬው በቀጭን ዘንግ እየጠቆመ አስረዳ። መድረኩ ይኸ ነው፣ ተመልካቹ በዚህ ይገባል፣ ጣሪያው ያለ ምንም ምሰሶ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል።

አያ ከበሩ አጠገብ እጁን አወጣ። «ምሰሶ ከሌለው በምን ይቆማል?»

«በሳይንስ፣ አባት።»

«ሸጋ ነው» አለ አያ። «እኔ ግን ከሥሩ አልቀመጥም።»

ሰዉ ሳቀ። ካድሬው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና ዘንጉን ወደ እናቴ አዞረ። ሰፊው ሕዝብ አዳራሽ እንዳያገኝ በወደቀው ዘውድ ስም ሥራ ያስቆሙ እኒህ ናቸው፤ ጥፋታቸውን በአደባባይ ይመኑ አለ።

እናቴ እጇን በነጠላዋ ውስጥ እንዳደረገች፣ «ታዲያ በማን አምላክ ልበል፣ ልጄ?» አለችው። «በእናንተ አምላክ እንዳልል፣ አምላክ የለም ትላላችሁ።»

ከላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወሸቀች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሌላይቱ፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር። ሊቀ መንበሩ ቸኩሎ ተነሣና፣ «ልጃቸው አስተያየት አላት» ብሎ ወደኔ ጠቆመ።

ተነሣሁ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ እንኳ ካልተጠየቅሁ አልመልስም። እናቴ አላየችኝም፤ ሞዴሉን ታያለች።

«ያን ጠዋት በቦታው ነበርኩ» አልኩ። «እናቴ በጃንሆይ አምላክ ብላለች። ቁሙ ማለቷ ነበር። ቆማችኋልም። ሊቀ መንበሩ እግራቸው ቦይ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆመዋል። ጓድ ካድሬም አፋቸውን እንደከፈቱ ቆመዋል። እሷ ቃሉን ብትል፣ ለቃሉ የታዘዛችሁት እናንተ ናችሁ። ጥፋት ከሆነ ሁላችንም ከጎኗ እንቁም።»

«የተጠየቅሽው ይህን አይደለም» አለ ሊቀ መንበሩ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል።

«ያየሁትን ነው የተናገርኩ።»

«አታወግዥም?» አለ ካድሬው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ጊዜ ያስታወሰ መሰለኝ።

«አላወግዝም።»

«ዕቅዱንስ?»

«አዳራሹ ያምራል። ፊልም እኔም እወዳለሁ። ግን ሰው ታስሮበት፣ የሰው ጉሮሮ ተዘግቶበት የሚሠራ መዝናኛ አልደግፍም።»

«ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም።

ወደ ድምፅ ተሄደ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል እጁ ሁሉ ወጣ፤ ያቺ ነጠላዋን የነከሰችው ሴትም አወጣች። አልፈረድኩባትም፤ ልጆች ነበሯት። አያ በሁለት እጁ ማጭዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሊቀ መንበሩ እንደ ልማዱ፣ «የሚቃወም?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይጠየቅ ነበር፤ መልስ አግኝቶ አያውቅም። እጄን አወጣሁ። ቀኝ እጄን ነው፤ ግራውን ለመፈክር አውጥቼዋለሁ።

ካድሬው አየኝ። ሊቀ መንበሩም ዞሮ አየኝ። የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ አየኝ።

«ዕቅዱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ ካድሬው።

እጄን አላወረድኩም። ጭብጨባው ተጀምሮ፣ ሳስቶ፣ እስኪያቆም ድረስ እንደወጣ ነበር። ከዚያ አወረድኩትና በደረጃው መሐል ወረድሁ። ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ። ጠረጴዛው ዘንድ ስደርስ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ይዤው የመጣሁትን ጋቢ ለእናቴ ሰጠኋት። መጋዘኑ ይበርዳል። ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ጫፉን አስተካከልኩላት።

«ስብሰባው አላለቀም» አለ ሊቀ መንበሩ ከኋላዬ። «ሳይፈቀድልሽ እንዳትሄጂ።»

አያ በሩን ከፈተልኝ፤ ወጥቼ ሄድኩ።