ቀድሞ የተጻፈው መስቀል

በሆስፒታሉና በመቃብሩ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት በር ያለው የእንጨት ሥራ ቤት አለ። በአንደኛው በር ሳንቃ ይገባል፣ በሌላው የሬሳ ሣጥን ይወጣል። ሣጥኑን የሚሠራው አንድ ራሰ በራ ቀልደኛ ነው። መስቀሉን የሚሠራውን ግን ሰፈሩ «ባለመስቀሉ» ይለዋል፤ ሌላ ስም እንዳለው የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

የመቃብሩ ደንብ ስም የሌለው መስቀል እንዳይተከል ይከለክላል። ስለዚህ ሣጥን በየቁመቱ ተሠርቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲጠብቅ፣ መስቀል አይጠብቅም። እንጨቱ አስቀድሞ ቢጋጠምም፣ ስሙና የሞተበት ቀን በመሮ የሚፈለፈሉት ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በዚያ ቤት ፊደል መፈልፈል የሚችል ደግሞ ከባለመስቀሉ በቀር የለም።

ቤቱ የአማቱ ነበር። አማቱ ሊሞቱ ሲሉ አልጋቸው አጠገብ አስጠሩት፤ ራሳቸው የሠሩትን ትንሽ የእንጨት መስቀል አስይዘው፣ «እሑድ ሞተ ተብሎ ማንም ሰው ያለ ስም እንዳይቀበር» ሲሉ አስማሉት። እጁ መስቀሉ ላይ ነበርና «እሺ» አለ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሃምሳ አንድ ሞልቶታል። በመካከሉ ባለው ጊዜ አንድም የእሑድ ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ አላስቀደሰም። ቤተ ክርስቲያኑ ከመቃብሩ ማዶ ስለሆነ ዜማው ይሰማዋል፤ ቅዳሴው የት እንደደረሰ ያውቃል፤ ልክ በጎረቤት ሬዲዮ ዜና እንደሚሰማ ሰው።

«አንተ እኮ» ይለዋል ሣጥን ሠሪው፣ «መስቀሉን ለአገሩ ሁሉ ታድላለህ፣ እሑድን ግን ለራስህ አታስቀርም።»

«አንተስ እንዴት ትሄዳለህ?»

«እኔማ ሣጥኔን ዓርብ እጨርሳለሁ። ሣጥን ማን እንደሚገባበት አይጠይቅም። ያንተ ግን ስም ካልሰማ አይሆንለትም።»

ሐሙስ ዕለት ሴት ልጁ ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አባዬ፣ እሑድ ልጄ ክርስትና ይነሣል። ከጎኔ ትቆማለህ?»

«እቆማለሁ።»

«ለሠርጌም እንዲህ ብለህ ነበር። ቃል ኪዳኑ ካለቀ በኋላ ደረስክ።»

«ያን ቀን ሦስት ሰው ሞተ።»

«አሁንም ይሞታል። ሰው መሞቱን አይተውም።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ የምለምነው አንተን ነው፣ ሟቾቹን አይደለም። ከቀረህ ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

ልጁን ያውቃታል፤ የማታደርገውን አትናገርም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ እስከ ቀትር ማንም አልሞተም። ከቀትር በኋላ ሣጥን ሠሪው ወሬ ይዞ ገባ፤ በላይኛው መንገድ የሚኖሩትን ጡረተኛ መምህር ሆስፒታሉ ወደ ቤታቸው መልሷቸዋል፤ ሐኪሞቹ «ነገን አያዩም» ብለዋል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ባለመስቀሉም እንደዚሁ።

ማዘኑን አዘነ። ወዲያው ደግሞ ሰዓት ማስላት ጀመረ። ጎህ ሲቀድ ቢያርፉ፣ ቀብሩ ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል፤ ስማቸው ረጅም ነው፤ ሚስታቸው «መምህር» የሚለውም እንዲጻፍ ትፈልጋለች። ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ስትቆም እሱ መሮ ይዞ ያጎነብሳል ማለት ነው።

ሣጥን ሠሪው ወደ ቤቱ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ አማተበና ስሙን ፈለፈለ። ከሥሩ የእሑድን ቀን ጨመረ። መስቀሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳንቃዎቹ ጀርባ አቆመው። ሞት መመኘት አልነበረም፤ ሥራን ማስቀደም ነው። ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው።

እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሥራ ቤቱን ከፈተ። መስቀሉን አስረክቦ ለመሄድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመምህሩ ሚስት እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል፤ ትንፋሽ አጥሯታል።

«ባለመስቀሉ፣ መምህሩ…» አለችና ደረቷን ያዘች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ። ይቀመጡ፣ አይናገሩ። ሁሉም ዝግጁ ነው።»

ሄዶ መስቀሉን አመጣ። ጨርቁን ገፈፈላት። ሴትዮዋ አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ዛሬ ነው እንዴ የሚሞተው?» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ሌሊት ነቅቶ ሾርባ ስጡኝ አለ። ጠጣ። ልቀመጥ ብሎ ሲነሣ የአልጋው ርብራብ ተሰበረና ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛነው። አልጋውን ጠግንልኝ ልልህ መምጣቴ ነው።»

ባለመስቀሉ አፉን በእጁ ያዘ። መስቀሉን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለች ሴትዮዋ። አልሳቀችም። «ለምን?»

ነገራት። ልጁን፣ ሠርጉን፣ የዛሬውን ክርስትና። ስትሰማው ዓይኗን ከስሙ ላይ አልነቀለችም።

«አቃጥለዋለሁ፣ እትዬ። አሁኑኑ።»

«መስቀል ይቃጠላል?»

«አይቃጠልም።»

«እንዲህ ትቼውስ ልሂድ? የባሌን ስም ከነሞቱ አቁሜ? ላገው። ዓይኔ እያየ።»

ያንን እንቢ ማለት አልቻለም። ኮቱን አውልቆ መላጊያውን አነሣ። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝናብ እንዳይሽረው አጥልቆ መፈልፈል ልማዱ ነው። ጥሩ ሠራተኛ መሆኑ ያን ቀን ጠላው ሆነ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ፊደሉ ግን ከሥር ሆኖ ያየዋል። ከማዶ ደወል ተደወለ። ዜማው ጀመረ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ የልጁ ቁጥር ነበር። እጁ አላረፈም።

ሴትዮዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እሱ ልጆቹን እሑድ እሑድ ሲያስተምር ምን ይል እንደነበር ታስታውሳለህ?»

«ዓርብ መስቀሉ ላይ ሰው ነበረ፤ እሑድ ግን መስቀሉም ባዶ፣ መቃብሩም ባዶ። የምናከብረው ባዶነቱን ነው ይሉን ነበር።»

«አልረሳህም። አንተ ግን በእሑድ ሰው ሰቀልክበት።»

መላጊያውን ገፋ። ዜማው የት እንደደረሰ ያውቃል፤ አሁን ሕፃናቱን ወደ ፊት ያቀርባሉ፤ አሁን ውሃው ይባረካል። ከማዶ የሕፃን ልቅሶ መጣ። የልጁ ልጅ ይሁን የሌላ ሰው፣ በድምፅ ብቻ ሊለየው አልቻለም፤ ሕፃኑን ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

በመጨረሻ እንጨቱ ለስልሶ ቀረ። ሴትዮዋ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጥፍሯ የሚይዘው ነገር አጣ።

«አልጋውስ፣ እትዬ? አሁን ልምጣ?»

«የምን አሁን! ፍራሹ ላይ ይተኛ። በሕይወት ላለ ሰው ሰኞ አለለት። ሂድ፣ ልጅህን እያት።»

ኮቱን እየለበሰ በመቃብሩ መካከል ሮጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ሕዝቡ እየወጣ ነው። ልጁ ነጭ የለበሰ ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማለች። ከጫማው እስከ ፊቱ አየችው።

«ስንት ሰው ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

ይህን አልጠበቀችም። «ታዲያ?»

«አንድ ሰው ዳነ።»

ልትቆጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ይቅርታ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። «አልቋል፣ አባዬ» አለች፤ ግን ሕፃኑን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ሕፃኑ ሞቃት ነው፤ ገና ውሃ ውሃ ይሸታል።

ፎቶግራፍ አንሺው ቤተ ዘመዱን ደረጃው ላይ ደረደረ። ባለመስቀሉ ከልጁ ጎን ቆመ። «ወዲህ ተመልከቱ!» ተባለ። ያን ጊዜ ከፎቶግራፍ አንሺው ጀርባ አንድ የማያውቀው ሰው ቆሞ አየ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በአንድ እጁ ይዟል፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት። ሥራ ቤቱ ተዘግቶበት ጠይቆ የመጣ መሆን አለበት። አልተጣራም፤ ወረቀቱን ዘርግቶ ደረቱ ላይ ያዘና እስኪጨርሱ መጠበቅ ጀመረ።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አይቼዋለሁ። አትንቀሳቀስ።»

«አልተንቀሳቀስኩም።»

«አንድ ጊዜ ደግሞ!» አለ ፎቶግራፍ አንሺው።

ባለመስቀሉ ሕፃኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኑ ግን ወረቀቱ ላይ ነበር። የተጻፈበት ስም ረጅም ነው። ከሩቅ ሆኖ ፊደሎቹን መቁጠር ጀመረ።