የመሪጌታ ትእዛዙ ክታብና የእኔ ክትባት

መሪጌታ ትእዛዙ በቀበሌያችን ከእኔ በፊት የተከፈቱ ጤና ኬላ ናቸው። እኔ ብርሃን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ፃግብጂ ስመደብ የተረከብኩት በሩ የማይዘጋ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሚዛንና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የምትስቅ ሕፃን ፎቶ ነበር። እሳቸው ግን ደንበኛ ነበራቸው። ያተኮሰው፣ የሚባንነው፣ ቡዳ በላው የተባለው ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ይወሰዳል፤ እሳቸው ዘንድ ካልተሻለው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ዘንድ ከተሻለው ደግሞ ምስጋናው ተመልሶ ወደ እሳቸው ይሄዳል።

በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ጎጃም ተሻግረው ነበር አሉ። ስድስት ዓመት ቆይተው የተመለሱት ቅኔውን ሳይጨርሱ ጠላውን ጨርሰው ነው የሚሉ አሉ፤ ከሚሉት አንዷ እኔ ነኝ። መሪጌታነቱን ማን እንደሰጣቸውም የሚያውቅ የለም። ይዘውት የመጡት ሙያ ክታብ መጻፍ ነው። በጥላሸት ቀለም ብራና ላይ ይጽፋሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ በፍየል ቆዳ ጥርቅም አድርገው ይሰፉና የልጁ አንገት ላይ ያንጠለጥሉታል። አንዴ የተሰፋ ክታብ አይከፈትም፤ ከተከፈተ አለቀለት። ይህን አገር ሁሉ ያውቃል፤ የረሳሁት እኔ ነኝ።

ያስታረቀን ካርድ ነው። ሰቆጣ ሦስት ቀን ሠልጥኜ መምጣቴ ነበር፤ አሠልጣኙ "በማኅበረሰቡ ተደማጭ የሆኑ ሰዎችን ተጠቀሙ" ብሎናል። እኔ የምሰጠው የክትባት ካርድ ግን አንዱ የጨው ቅል ውታፍ ሆኗል፣ አንዱን ፍየል በልታዋለች፣ አንዱ ትምባሆ ተጠቅልሎበት ጢስ ሆኗል። በቀበሌው ተደማጩ ማን እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንቁላል ይዤ ሄድኩና አማረርኩባቸው።

"አንቺ ልጅ፣" አሉኝ፣ "ክታብና ክትባት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አታውቂም? መክተብ መጻፍ ነው። እኔ በመቃ እጽፋለሁ፣ አንቺ በመርፌ። የእኔ የማይጠፋው ልብስ ስላለው ነው። ያንቺንም ካርድ ቆዳ አልብሺዋ!"

"ማን ይሰፋልኛል?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

ስምምነታችን አጭር ነበር፤ የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ መርፌ ያልተወጋ ልጅ ቆዳ አያገኝም። እናቶች ጎረፉ። ቆዳውን ፍለጋ ካርዱን እንደ ታቦት ሸፍነው ያቆዩት ጀመር። በዓመቱ ከወረዳ የመጣው ሱፐርቫይዘር አንገት ቆጥሮ "የካርድ አያያዝ መቶ በመቶ" ብሎ ጽፎ ሄደ። ካርዱን ልየው አላለም፤ ቢልም አያይም ነበር። እኔ ኪስ የሚሰፉልኝ መስሎኝ ነበር፤ መሪጌታ የሚያውቁት ስፌት ግን አንድ ነው፣ ዙሪያውን ጥርቅም። የሻምበል የምትባለውን እናት "እስኪ ካርዱን" ስላት የልጇን አንገት በሁለት እጇ ሸፍና "ምን አረግሁሽ?" አለችኝ። እኔም መዝገብ አለኝ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ተውኩት።

ክረምት ላይ የጤና ኬላው ጣሪያ አፈሰሰና መዝገቤን ገንፎ አደረገው። ብዙም አላዘንኩም፤ ቆዳ ያሰረ ሁሉ ኩፍኝ ተከትቧል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ጥር ላይ ጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገብቶ ሁለት ልጅ ተቀበረ። በዚያው ሳምንት ወንዝ ዳር አንዲት እናት አገኘሁ፤ ገና አምስት ወር የሆነው ልጇ አንገቱ ላይ ቆዳ አለ።

"ይሄ መቼ ተሰፋለት?"

"ለገና ጠላ ወስጄላቸው" አለች ሳታፍር።

መሪጌታ ቤት ሮጥኩ።

"ስንቱን ልጅ ነው ሳይወጋ የሰፉለት?"

"እኔ እንጃ። ሰው ጠላ ይዞ ሲመጣ የልጅ ዕድሜ ይጠየቃል?"

"መሪጌታ! ወረዳ የሰጠኝ ሁለት ብልቃጥ ነው፣ ለሃያ ልጅ። ልጁ ከስልሳ በላይ ነው። ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ብልቃጡ ደግሞ ከተከፈተ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደፋል። የቀረውን ካልለየሁ ለተወጋው ደግሜ ያልተወጋውን ላስቀብር ነው። ቆዳዎቹን ይክፈቱልኝ።"

"እናቶቹን አትጠይቂም?"

"ጠየቅኋቸው። 'ተከትቧል ወይ?' ስላቸው 'አዎ፣ ይኸው' ብለው አንገቱን ያሳዩኛል።"

"ከከፈትሁትማ ማን ዳግመኛ ደጄን ይረግጣል? እንጀራዬ እኮ ነው፣ ብርሃን" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሚስታቸው ሞታለች፣ መሬታቸው ድንጋይ ነው፤ ያለ ክታብ ምንም የላቸውም። ያን ጊዜ ግን ሊያሳዝኑኝ አልቻሉም። ደጃፋቸው ላይ በንዴት አልቅሼ ተመለስኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ የክትባት ሳጥኔን ይዤ እናቶቹ ፊት ቆምኩ። ክታብ የሚያስከፍት ጠፋ። የሻምበል "ኩፍኝ እየመጣ የልጄን አጥር ላፍርስልሽ?" ስትል ሁሉም አጨበጨበላት። መሪጌታ ጥግ ላይ ዋንጫቸውን ይዘው አቀርቅረዋል። ድንገት ዋንጫውን አስቀመጡና ልጃቸውን ይታየሽን ጠሩ። ይታየሽ ዓመት ከሁለት ወር የሆነውን ምንዋጋውን አዝላለች።

"አምጪው። መዓት ቢመጣም በእኔ ደም ይምጣ" ብለው ምላጭ አወጡ። ክሩን ሲበጥሱት ዓይኗን የሸፈነችም ነበረች።

ካርዱን ዘርግተው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ወደ እኔ ሲዘረጉት ተቀብዬ አየሁት። የአርባ አምስት ቀኑ አለ፣ ተከታዮቹም አሉ። የዘጠኝ ወሩ ቦታ ባዶ ነው።

"ይታየሽ፣ የዘጠኝ ወሩን አልወሰድሽውም?"

"አባባ ሰፍተውልኝ የለ! ተከትቧል ብዬ ነዋ!"

መሪጌታ ትእዛዙ ቆዳውን ወደ ላይ አነሡ። ያ ሁሉ የቅኔ ቤት ዓመት አልፎባቸው እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"የፍየል ቆዳ ነው!" ብለው ጮኹ። "ሰማችሁ? የበላችሁት ፍየል ቆዳ! ጠላ ጠጥቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ! የልጅ ልጄ ኩፍኝ ተከትቧል ስል፣ ይኸው ባዶ ነው! አምጡ፣ ሁሉንም አምጡ!"

ቀድማ የመጣችው የሻምበል ናት። ካርዷ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ "ታዲያ ለምን አስቀደዳችሁኝ?" ብላ ሁለታችንንም ሰደበች። ምላጩ እስኪዶለዱም ተቀደደ። ዘጠኝ ወር አልፏቸው ያልተወጉ አሥራ ሰባት ልጆች ተገኙ። ከመጀመሪያው ብልቃጥ የመጀመሪያውን የወሰደው ምንዋጋው ነው። አያቱ ክንዱን ይዘው ከእሱ ብሰው አለቀሱ። ሳቅሁባቸው፤ ግን ያን ቀን ወደድኋቸው፣ እንደ አባቴ ወደድኋቸው።

ኩፍኙ በሦስተኛው ሳምንት እኛም ዘንድ ገባ። ያ የወንዝ ዳሩ ጨቅላ ታመመና በስንት መከራ ተነሣ። የተቀበረ ልጅ የለም። ክታብ የሚያጽፍም የለም።

መሪጌታ ወር ሙሉ ደጃቸው ሳይረገጥ ከረመ። አንድ ጠዋት መቃቸውን፣ ቀለማቸውንና ቁራጭ ቆዳ ይዘው ጤና ኬላው ድረስ መጡ።

"መዝገብሽን ወዲህ በዪው" አሉኝ። "ጽሑፍሽ የዶሮ ጭረት ነው።"

አዲሱን መዝገብ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ቆዳም አልብሰውታል፣ አዝራር ያለው፣ የሚከፈት። ለካርዱም እንደዚያው ይሰፋሉ፤ እናቶችም ልጃቸውን ሲያስወጉ እንቁላል ሳያሳዩአቸው አያልፉም። ጠላ ግን ከልክያለሁ፣ በሥራ ሰዓት።

በቀደም ሱፐርቫይዘሩ መጣ። መዝገቡን ገልጦ የምንዋጋው ስም ላይ ሲደርስ በጽሑፉ ማማር ተገርሞ "ይሄን ማን ነው የከተበው?" አለ።

"እኔ" አልን፣ ሁለታችንም።