የመብረቅ መዝገብ

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከማስተምርበት ክፍል አስወጥተው ወሰዱኝ። ጋምቤላ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ማን ማንን ማሰር እንደሚችል በውል አይታወቅም። ጓሮዬ ካለው ማንጎ ላይ የዘረጋሁትን የመዳብ ሽቦ በጥሰው ጠቀለሉት። ሬዲዮ መቀበያዬንና የሁለት ክረምት መዝገቤን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተቱ።

መብረቅ ሲበርቅ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ክረምት ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ያንን መንጫጫት ሰምቶታል። እኔ ከነሰዓቱና ከነአቅጣጫው እመዘግበው ነበር። በየዓመቱ ባሮ ወንዝ ዳር መብረቅ ሰውና ከብት ይገድላል፤ ደመናው ከየት ተነሥቶ መቼ እንደሚደርስ ቀድሜ ማወቅ ብችል ብዬ ነው።

መርማሪው መዝገቡን ገልጦ ቁጥሮቹን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ኮድ ነው። ለማን ነው የምታስተላልፈው? ከድንበር ማዶ ላሉት?»

«መቀበያ ነው፤ አያስተላልፍም። የሚሰማው መብረቅን ነው።»

«መብረቅ ለማን ነው የሚያወራው?» አለና ሳቀ። አብረውት የነበሩትም ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል።

ያሰሩኝ ቀድሞ የእርዳታ እህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ቀትር ላይ ጀርባ አያስደግፍም፤ ያቃጥላል። የነቀዘ በቆሎ ይሸታል። ከጎኔ የሚተኙት ከኢታንግ በኩል የመጡ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ወንድማቸው ተፈልጎ ስለታጣ እሳቸውን ይዘዋቸዋል።

«ወንድም የት ሄደ፣ እኔ አላውቅም። እኔ ዓሣ ነው የማውቅ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ፣ ትኩሳት ለያዘው እስረኛ ውሃ ስጡት ብለው በሩን ደጋግመው ደበደቡ። የእስር ቤቱ ኃላፊ አስወጣቸውና ግቢው መሐል ካለው የባንዲራ ምሰሶ ጋር በካቴና አሳሰራቸው። ረጅም የብረት ቱቦ ነው። ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ በባሮ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። በቆርቆሮው ስንጥቅ እያየሁ ብልጭ ሲል ቆጠርኩ። ድምፁ በአሥራ አምስት ሰከንድ ደረሰ። አምስት ኪሎ ሜትር። የሚቀጥለው በዘጠኝ።

በር ላይ የነበረው ዘበኛ በሰፈራ ከመጡ ገበሬዎች የተወለደ ፖሊስ ነው።

«ፍታቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «መብረቁ እየቀረበ ነው። ግቢው ውስጥ ከሁሉ ረጅሙ ያ ብረት ነው!»

«መምህር፣ ትእዛዝ አለብኝ። ኃላፊው ሳይመጣ አልችልም።»

«ከብልጭታው እስከ ድምፁ ራስህ ቁጠር።»

ቆጠረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ስድስት። ዝናቡ ጀመረ። ቀጥሎ ሦስት እንዳልን ቆርቆሮው ተናወጠ። ዘበኛው ጠመንጃውን አስደግፎ ሮጠ። ካቴናውን በያዘው ቁልፍ ፈቶ አዛውንቱን በብብታቸው ይዞ ገና በሩ ጋ ሲያደርሳቸው ግቢው ነጭ ሆነ። ጆሯችን ደነቆረ። ዝናቡ ሲያባራ የምሰሶው ጫፍ ጠቁሮ፣ ሥሩ ላይ ያለው ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ነበር። አዛውንቱ እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ።

በማግሥቱ ኃላፊው ጠራኝ። ዘበኛውን አስሮታል። መዝገቤ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ዘበኛው እስረኛ ሊያስመልጥ እንደነበር አይቻለሁ ብለህ ፈርም። መዝገብህን ይዘህ ዛሬ ቤትህ ትገባለህ።»

«ምሰሶውን አይተኸዋል?»

«ስለ ምሰሶ አልጠየቅኩህም።»

መዝገቡ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እስክሪብቶውን ስቀበል ፊቱ ፈካ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፍታ ያልኩት እኔ ነኝ። ባይፈታቸው ይሞቱ ነበር።» ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩበት።

አነበበው። መዝገቤን ከግቢው ጥራጊ ጋር ሲያቃጥሉት እንድመለከት አቆሙኝ። ቀና ብዬ ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁ።

ከአራት ወር በኋላ «በስህተት ነው» ብለው ያለ ክስ ለቀቁኝ። አዛውንቱ ከእኔ በፊት ወጥተዋል። ዘበኛው ከሥራው ተባረረ። ኃላፊውን ማንም አልጠየቀውም፤ እንዲያውም ተሾመ።

ዛሬ ሰዎች እርሳው ይሉኛል። መዝገቡንስ ትቼዋለሁ። ሰውን መብረቅ ሥር አስሮ የሄደው ሰው በሰላም ጡረታ መውጣቱን ግን አልተውኩም፤ የምተወውም አይመስለኝም።

ዘበኛው መቲ ከተማ አካባቢ ቡና ያለማል። ባለፈው ዓመት ሄጄ አገኘሁትና «በእኔ ጩኸት ነው እንጀራህ የተቆረጠው፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ምን ነካዎት መምህር?» አለኝ። «ቁልፉ እኔ ጋ እኮ ነበር።»

ቅርጫቱን አንሥቶ ወደ ለቀማው ተመለሰ።