ዝምተኛው ሪጉሌተር

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከክፍል ስወጣ ሱሴ ራዲዮ መፍታት ነው። ከፈታኋቸው ግማሾቹን መልሼ ገጥሜያለሁ፤ ስለ ቀሩት አትጠይቁኝ።

አከራዬ አንድ ልጃቸው ዘምቶባቸው ነበር። «አዴ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደ ማለት፤ በሰፈራችን ትልቅ ሴት በስሟ አትጠራም። ከልጃቸው ደብዳቤ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። በየሳምንቱ ወታደሮች በራዲዮ ለቤተሰባቸው ሰላምታ ያቀርባሉ፤ አዴ ያቺ ሰዓት ካመለጠቻቸው ልጃቸው ጠርቷቸው አቤት ሳይሉት እንደቀሩ ይቆጥሩታል። ታዲያ ያን ሰሞን የራዲዮ ድንጋይ ከከተማው ድራሹ ጠፋ። ጉራጌው ባለሱቅ «ድንጋይ ከሆነ ዲዴሳ ወርደህ ልቀም» ብሎ አላገጠብኝ። ቤታችን መብራት አልገባም። የቀረን አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው፤ እሱ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ራዲዮው ስድስት።

ቮልቱን የሚቀንስ ሪጉሌተር ሁለት ዓይነት ነው። ሊኒየር የሚባለው ትርፉን ኃይል ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፤ የባትሪው ግማሽ ቤት ለማሞቅ ይሄዳል ማለት ነው። ስዊቺንግ የሚባለው ግን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ይሰጣል። አይግልም፣ አያባክንም። ሁሉም ነገር በቁጠባ በሚታደልበት ዘመን የተማረ ሰው የቱን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። የመዳብ ሽቦ ኮይሉን በእጄ ጠምጥሜ ስዊቺንጉን ሠራሁና ደረቴን ነፋሁ።

ራዲዮው ሲከፈት እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ያ ማብራት ማጥፋቱ ራሱን የቻለ ጣቢያ ሆኖ አረፈው። ከጩኸቱ ሥር አንድ ወጣት ያጉተመትማል፤ ስሙም አገሩም አይለይም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዴ ግን ብድግ አሉ።

«ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ድምፁ ነው። እሱ ራሱ ነው።»

በቀጣዮቹ ሳምንታትም ሰሙት።

እኔ ደግሞ መች አርፌ እቀመጣለሁ። እናት የልጇን ድምፅ በንብ መሃል ትስማ? ሊኒየሩን ሠራሁ። ሙቀቱን እንዲያወጣለት ከአሮጌ ድስት ክዳን ቆርጬ አሉሚኒየም አሰርኩበት። ባትሪውን ለማስሞላት ጄኔሬተር ወዳለው ወፍጮ ቤት ቶሎ ቶሎ መሸከሜ ነው፤ ይሁን አልኩ።

ድምፁ ጥርት አለ። የተናጋሪዎቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። አንዱ ከጎንደር ነኝ አለ፣ አንዱ ከሐረር፣ ሌላው ከአርሲ። ሁሉም ስማቸውን እየተናገሩ እናቶቻቸውን ሰላም አሉ። አዴ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላሉም። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅኩ የጋለውን አሉሚኒየም እነካካለሁ።

በሳምንቱም ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። የሳቸው ልጅ ግን የለም።

«ጎበዝ ነህ» አሉኝ ፕሮግራሙ ሲያልቅ። «ግን ያንን የሚጮኸውን መልስልኝ። በእሱ ልጄ ይናገር ነበር።»

ሊኒየሩ እስኪቀዘቅዝ እንኳን አልጠበቅኩም፤ ጣቴን እያቃጠለኝ ነቀልኩት።