አያ ደምለው የዘለሏት ሴት

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ቆሰበር፣ ሰው የሚያስፈራኝ በቆጠረው አያት ብዛት ነበር። አያ ደምለው አሥራ ሁለት ይቆጥሩ ነበር። ለቅሶ ቤት ይቆጥራሉ፤ ማኅበር ላይ ይቆጥራሉ። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ መጻፍም ሲጣፍጠኝ ሳስበው፣ እኒያ ሰውዬ ከአያቶቻቸው ሌላ ምንም አልነበራቸውም። አጥራቸው እንኳ የቆመው በሚስታቸው እጅ ነው።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ እናቴ ከአባቷ የወረሰችውን የገብስ ማሳ ተመኙ። የእርሳቸው ድርሻ ወንዙ ማዶ ጦሙን ያድራል፤ እርሱን ማረስ ለትልቅ ዘር አይመጥንም መሰለኝ። ዳንግላ ወርደው ራፖር ጻፊ ዘንድ ሐረጋቸውን አስጽፈው መጡ። ሦስት ቀን ቆይተው ሲመለሱ አገውኛ ጠፍቶባቸዋል! ሰላምታችንን እንኳ በአማርኛ ካልሆነ አይመልሱም።

ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ዝናብ አባርቶ ሣሩ ይሸታል። እኔ ከእናቴ ኋላ ነጠላዋን ጨብጬ ተቀመጥኩ፤ ማሳው ከሄደ የምንበላው እንደሌለን አውቃለሁ። አያ ደምለው ወረቀታቸውን ዘርግተው ከራሳቸው ጀምረው እስከ ገላው፣ ከገላው እስከ አባቱ እስከ ዘለቀ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ አንበለበሉት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሴት ለባሏ ቤት ናት። በሴት ርስት አይቆጠርም» አሉ። በአገራችን በአባትም በእናትም እንደሚቆጠር የማያውቅ አልነበረም። ግን ወንድም ለሌላት ባልቴት ማን ይከራከርላት?

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ወንጌሉ ይምጣ። የዘለቀ መሬትና ወራሾቹ የተጻፉት በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ነበር። ቄሰ ገበዙ አወጡት፤ የብራናውና የጧፉ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀስ ብለው አነበቡ፤ ዘለቀ ከአንዲት ሴት ልጁ ከጥሩወርቅ በቀር አልወለደም። ገላውንም፣ የእናቴን ቅድመ አያትም የወለደች እርሷ ናት።

አያ ደምለው በወንዶች ብቻ ሲፎክሩ ኖረው፣ የገላውን እናት ዘልለዋት ኖሯል።

«ራፖር ጻፊው ነው የረሳት» አሉ፤ ለዚያውም በአገውኛ።

«የዳንግላ ሰው ያንተን አያት ከየት ያውቃታል?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

እናቴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይምረጡ እንግዲህ፣ አያ ደምለው። ሴት የማትቆጠር ከሆነ እርስዎም ከዘለቀ አይደርሱም። የምትቆጠር ከሆነ ማሳዬን ይተዉልኝ።»

ወረቀታቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ማሳው የእኛ ሆኖ ቀረ።

ያኔ አያት መቁጠር ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ቆጣሪ ሳይ ሳቄ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ተዝካር ላይ አያ ደምለው ተነሥተው፣ «እኔ የታላቋ እመቤት፣ የጥሩወርቅ ዘር!» ሲሉ በጆሮዬ ሰማኋቸው። እናቴ ፈገግ ብላ፣ «ተያቸው፣ የሁላችንም አያት ናት» አለችኝ። እናቴ ደግ ናት፤ እኔ ግን አይደለሁምና ጻፍኩት።